ምንም የለበትም የተባለው ሆዴ

ከጅማ የወጣሁት ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ፌስታል ሙሉ ደረቅ ዳቦ አስታቀፈችኝ። «መንገድ ላይ እንጀራ እንዳትነኪ ሙኒ፣ ሆድሽን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። አባቴ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዱዓ አደረገልኝና ፊቱን አዞረ። ሰው የሚሰደደው ለሥራ ነው፤ እኔም ለሥራ ብዬ ነው የወጣሁት። በልቤ ግን ሌላ ነገር ይዤ ነበር፤ ሰው አገር ደህና ሐኪም አይጠፋም፣ ይሄ ሆዴ እዚያ ስም ያገኛል እል ነበር።

አሰንዳቦ ሳንደርስ ሹፌሩን ለምኜ አስቆምኩት። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ ስመለስ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ገና ሳትርቂ ፈራሽ እንዴ?» አሉኝ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ?

ሆዴ ይነፋል፣ ያስቀምጠኛል፣ ከዚያ ድካሙ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ስትሠሩ ውላችሁ ስትመለሱ ጉልበታችሁ እንዴት እንደሚከዳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ እንደዚያ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ተኝቼ ስላገኘኝ አስተማሪያችን «ሰነፏ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ትምህርቱንም ተውኩት። አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስተክል መርፌው በእጄ እንዳለ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ፣ ሌላው ታይፎይድ፣ ሌላው አሜባ። አንዱማ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ጭንቀት ነው፣ ስታገቢ ይተውሻል» አለኝ። ያጨኝ ልጅ እናት በበኩሏ «በሽተኛ ለልጄ አላመጣም» ብላ ነገሩን አፈረሰችው። እንግዲህ ለመዳን ማግባት፣ ለማግባት መዳን ነበረብኝ።

ሐኪሞቹ ሁሉ የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር «እንጀራ ይኮመጥጣል፣ ጨጓራ ይልጣል፤ ዳቦ ብዪ፣ መኮሮኒ ብዪ» የሚለው ነው። እናቴ ከራሷ አፍ ቀንሳ ለእኔ ብቻ ነጭ ዳቦ ታስገዛልኝ ነበር።

ደህና የምሆነው ቡና ሲለቀም አጋሮ፣ አክስቴ ሐዋ ዘንድ ስሄድ ብቻ ነበር። እዚያ ጎደሬና የበቆሎ ቂጣ እየበላሁ ከለቃሚዎቹ ጋር እውላለሁ፤ ወዲያው ጉንጬ ይሞላል፣ ጉልበቴ ይመለሳል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጂኒሽ የቡና ጫካ ይፈራል» ትለኛለች አክስቴ። እኛም አመንን። ጅማ ስመለስ ጂኒውም አብሮኝ ይመለስ ነበር።

ቤይሩት የተቀጠርኩበት ቤት ጠዋት ኸብዝ፣ ቀን ኸብዝ፣ ማታ ኸብዝ ነው፤ እንደ ሻሽ የሳሳ የስንዴ ቂጣ። እነሱ ሥጋውን ጠቅልለው ይበሉበታል፣ የተረፈው ቁራጭ ለእኔ ይሰጠኛል። ብዙም ሳይቆይ ሰውነቴ አልቆ ሆዴ ብቻ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ማዳም ሆዴን ስታይ ስታይ ከረመችና አንድ ቀን ከባሏ ጋር ሆና መክተብ ወሰደችኝ። መክተብ ማለት እኛን የሚያስቀጥረው ቢሮ ነው።

«አርግዘሻል» አለኝ የመክተቡ ሰውዬ።

«ከማን? ከመጣሁ ጀምሮ ከቤት ወጥቼ አላውቅም» አልኩት።

ማዳም ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ባልየው ላብ በላብ ሆነ።

ተመረመርኩ፤ እርግዝና የለም። ሐኪሙ ሆዴን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና «ማ ፊ ሺ» አለ፣ ምንም የለም ማለት ነው። ባልየው አልሐምዱሊላህ ያለው ከእኔ ቀድሞ ነው። የመክተቡ ሰውዬ ግን ማስረዳቱን አልተወም። «አገራችሁ ምግብ የለም። እዚህ ስታገኚ ሆድሽ ደንግጦ ነው» አለኝ። አቮካዶ ከዛፍ እየወደቀ ለበግ የሚተርፍበት አገር ልጅ ነኝ፣ ግን ለማን ልንገረው?

ኮንትራቴ ሲያልቅ ዶራ የሚባል ሰፈር ብርቱካን ከምትባል የጎንደር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ በቀን ሥራ ቤት እያጸዳሁ መኖር ጀመርኩ። አከራያችን አቡ ጆርጅ ውሃ ሲፈስ የሚሰማ ጆሮ ነበረው። አንድ ቀን ከሽንት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ውሃዬን ጨረሽው! ሰው ነሽ ዳክዬ?»

«አሞኝ ነው።»

«ከታመምሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።»

«ሄጄ ነበር። ምንም የለሽም አለኝ።»

«እንግዲያው ምንም ከሌለሽ ውሃውን ዝጊው!»

ብርቱካን በሳቅ ወደቀች። እኔ ግን መቆም አቃተኝ፤ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ሳቋን አቆመችና በማግስቱ እየደገፈች ስደተኛ ሠራተኞችን የሚያክም ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ አረጋዊት ነበሩ። የት ያምሻል ብለው አልጀመሩም። «ደህና የሆንሽበት ጊዜ አለ?» አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ስለ አጋሮ ነገርኳቸው፣ ስለ ጎደሬው፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ጂኒውም ሳይቀር። አልሳቁብኝም። ደም አስወሰዱኝ፣ ሆዴ ውስጥ ካሜራ አስገቡ። የበሽታዬ ስም ሲሊያክ ነው አሉኝ። አንጀቴ ስንዴና ገብስ አይቀበልም፤ በበላሁ ቁጥር ይቆስላል፣ ሌላውንም ምግብ ለሰውነቴ አያደርስም፤ ድካሙም፣ በምርመራው የታየው የደም ማነስም ከዚያ ነው።

«መድኃኒቱስ?» አልኳቸው።

«አለመብላት።»

አለመብላት! ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር አመለጠኝ።

አሁን ሰውነቴ ተመልሷል፣ ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ። ያለፈው ዕድሜዬ ግን ለማን አቤት ይባላል? ደግሞ ያኔ የከለከሉኝ የጤፍ እንጀራ ለሆዴ ደግ ነበር፤ እዚህ ግን በጣም ውድ ነው፣ የአበሻ ሱቁ እንጀራ የሚበዛው የስንዴ ዱቄት ነው። እሁድ እሁድ ያገሬ ልጆች ተሰብስበው ሲጎራረሱ እኔ ዳር ይዤ ሩዝ እበላለሁ። «ይቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆነች» ይሉኛል።

ሐኪሟ በሽታው በዘር ይሄዳል፣ ቤተሰብሽን ጠይቂ ስላሉኝ ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳት።

«በእጄ?» አለች። «በገዛ እጄ ነው እንዴ ያጎረስኩሽ?»

«እማዬ፣ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው።»

«ሐያትም እኮ ሰሞኑን እንዳንቺ ሆናለች።»

ሐያት ታናሽ እህቴ ናት። «ዳቦ አትስጫት፣ ዋላሂ አትስጫት!» ስል ሐያት ስልኩን ነጠቀቻት።

«ሙኒ፣ የጉዞ ፕሮሰሴ አለቀ! ሜዲካል አልፌያለሁ፣ ጤነኛ ነሽ አሉኝ።»

«የት አገር?»

«የደረሰኝ።»

እንዳትሄጂ አልኳት። በሰው ቤት የምትበዪውን የምትመርጪው አንቺ አይደለሽም፣ እዚያው ሆነሽ ስንዴ ተዪ አልኳት። ለመንኳት።

«አንቺ የዳንሽው እኮ ስለሄድሽ ነው» አለችኝ።

አጠገቧ እናቴ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«ሙኒ? አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት።