አንድ ጁነዲን፣ የማንጎውን

ጁነዲን ይመር ስሙ ሲሸጥ የሰማው አዋሽ ሰባት፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለው የአስረሳች ሱቅ ውስጥ ነው። ለእጅ መብራቱ ባትሪ ድንጋይ እየመረጠ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ከኋላው ገባችና በትከሻው በኩል እጇን ወደ ባንኮኒው ዘረጋች።

«አስርዬ፣ አንድ ጁነዲን ስጪኝ። የማንጎውን» አለች።

አስረሳች ልጅቷን አላየችም። ያየችው እሱን ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የለም፤ አልቋል» አለች።

«እንዴ! አሁን ለእነ ሎዛ ሰጥተሽ? ያው ከብስኩቱ ጀርባ አይደል?»

ጁነዲን እጁን ሰደደና ብስኩቱን ገለል አደረገው። ከጀርባው ጣት የምታህል፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላት ዕቃ አገኘ። ልክ እሷን የመሰለች ሌላ ዕቃ በእሱ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነበረች። ከብስኩቱ ጀርባ ያገኛትን አንስቶ ለልጅቷ አሳያት።

«ጁነዲን ማለት ይሄ ነው?»

«አዎ። ውይ ጋሼ፣ እርስዎም ይስባሉ እንዴ? በዚህ ዕድሜዎ!» ብላ ሳቀችበት። አላወቀችውም። አስረሳች ዓይኗን ስታፈጥባት ነገሩ ሳይገባት ትከሻዋን ነቅንቃ ወጣች።

ጁነዲን ሲፈልግ የቆየውን ባትሪ ድንጋይ ባንኮኒው ላይ ረሳው።

በጅቡቲ መስመር ላይ ለዕቃ ቅጽል ስም ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ሹፌር ለመኪናው ስም ያወጣል፤ ለጎማው፣ ለጫቱ፣ ለጫማው ያወጣል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። አንዴ ከወጣ ግን የሚመልሰው የለም። ጁነዲንም በዚህ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው፤ የራሱ እስኪወጣ።

ከሐርቡ የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ረዳት ሆኖ ጎማ ሲፈታ ኖሮ፣ በኋላ መሪ ያዘ፤ ተሳቢ ነጂ ሆነ። አዋሽ ላይ ነኢማን አገባ። ቤት ሠራ፤ ሙኒያን ወለደ። ሀብት የሚባል ነገር የለውም፤ ያለው ስም ነው። የአዋሽ ነጋዴዎች ዕቃ ሲልኩ ደረሰኝ የማይጠይቁት እሱን ብቻ ነው። «ለጁነዲን ከሰጠኸው ደርሷል በለው» ይላሉ። ይህ አባባል ከሚሌ እስከ መተሐራ ይታወቅ ነበር።

አንድ እንከን ነበረበት፤ ሲጋራ። ጠዋት ጠዋት ሲያስል ነኢማ «ጎረቤት መኪናህን ያስነሳህ መስሎት ደህና ግባ እያለህ ነው» ትለው ነበር። ጅቡቲ ላይ አንድ ሹፌር ያችን ጣት የምታህል ዕቃ ሰጠው። ሹፌሮቹ «ፍላሽ» ይሏታል፤ ዘፈን የሚጫንባትን ስለምትመስል። እሳት የላትም። ስትሳብ እንፋሎት ታወጣለች፤ ማንጎ ማንጎ ትሸታለች። ጁነዲን እሷን ይዞ ሲጋራውን ጣለ። ሳሉ ቀነሰ። ነኢማ አልሐምዱሊላህ አለች። ዕቃዋ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው ገዋኔ አካባቢ፣ ኬላ ላይ ነው። ፈታሾቹ ፍላሹን ከኪሱ አውጥተው ወሰዱበት። ከኋላው ተሰልፎ የነበረው የሹፌር ጓደኛው የገብሩ የሲጋራ ፓኮ ግን የመኪናው የፊት መስታወት ሥር እንደተጋደመ ቀረ።

«ሲጋራውን ትታችሁ የእኔን?» አለ ጁነዲን።

«ያንተ በአዋጅ የተከለከለ ነው» አሉት።

ኬላ ላይ ፈታሽ የፈለገው ነገር ሁሉ በአዋጅ የተከለከለ ነውና ጁነዲን አላመነም። ሌላ ገዛ። እሱንም ወሰዱበት።

እንዲህ እያለ ገብሩ በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ ላከለት። «በኤሌክትሮኒክ ሲጋራና በኒኮቲን ምርቶች ቁጥጥር ላይ የሕዝብ ምክክር፤ ሰመራ» ይላል። ከሥሩ ገብሩ ጽፎበታል፦ «ጁኔ፣ በስተመጨረሻ ቁጥጥሮቹ ላይ ስብሰባ ተጠራልህ። ሂድና አፍርጠው!»

ለሹፌር ቁጥጥር ማለት ሰው ነው። ባትሪ ይዞ ጭነት ላይ የሚወጣው፣ ሸራ የሚያስፈታው፣ ውረድ ክፈት የሚለው ነው። «ወዲያ ማዶ ቁጥጥር አለ» ሲባል ኪስህን እይ ማለት ነው። ጁነዲን ማስታወቂያውን ሁለቴ አነበበው። ሁለቴም ያየው የገዋኔዎቹን ፈታሾች ነው።

ወደ ጅቡቲ ሲወርድ መኪናውን ሎጊያ አቁሞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሰመራ አዳራሽ ገባ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሱልጣና የሚባሉ የጤና ሰው ናቸው። ብዙ ሰው ተናገረ፤ ጁነዲን ግማሹ አልገባውም። ተራው ሲደርስ ተነሣ።

«እኔን ከሲጋራ ያላቀቀኝ ይሄ ነው» አለ። «ሲጋራውን ትተው ይሄን ይቀሙናል። ቁጥጥሩ ይነሳልን!»

የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች አጨበጨቡ። ወይዘሮ ሱልጣና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁጥጥር ይነሳ ሲሉ ይሻሻል ማለትዎ ነው? ወይስ ጭራሽ አይኑር?»

«ጭራሽ!» አለ ጁነዲን። «አንድም እንዳይተርፍ!»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ የደገፉት መሰለው።

ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ፣ ጥጋቡ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ ተከትሎት ወጣ። ዕቃውን ለማስመጣት ፈቃድ የሚፈልጉ ነጋዴዎች ወኪል ነኝ አለው። ቀዝቃዛ ውሃ ገዛለት። «የተናገርከውን ስልኬ ላይ ድገመው፤ ስምህን ጨምርበት» አለ። ጁነዲን በሙሉ ልቡ ደገመው። «እኔ ጁነዲን ይመር፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር…» ብሎ ጀመረ። የገዋኔውን ኬላም በስሙ ጠራው።

ቪዲዮው ሲለቀቅ የገዋኔው ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ላይ ዘፈን ተጫነበት፤ የማንጎና የሐብሐብ ሥዕል ተለጠፈበት። ከላዩ «ጁነዲን ከመሰከረ ደርሷል!» ተብሎ ተጻፈ። ይህን ሁሉ ያየው ስሙ ሲሸጥ በሰማ ቀን፣ አስረሳች ሱቋ ውስጥ ስልኳን ከፍታ ስታሳየው ነው።

«አላየኸውም እንዴ?» አለች። «አገር ምድሩ አይቶታል። እኔ እኮ ደስ ያለህ መስሎኝ ነበር።»

«ማነው የሚያመጣልሽ?»

«ጓደኛህ ነዋ፤ ገብሩ። ምን ታፈጥብኛለህ? እናንተ ሹፌሮች ባታመጡት እኔ ከየት አገኘዋለሁ? ለልጅ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል።»

ገብሩን ያገኘው መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ከተሳቢው ሥር ተጋድሞ ብሎን ሲያጠብቅ ነው። እግሩን በጫማው ነካው።

«አንተ ነህ አሉ በስሜ የምትነግደው።»

«ኧረ ጁኔ!» አለ ገብሩ ከሥር ሆኖ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ያንተ በቁምህ ከመደርደሪያ በላይ ዋለ። አመስግነኝ እንጂ!»

«ሕፃናት እኮ ናቸው የሚገዙት!»

«ታዲያ ሰመራ ድረስ ሄዶ ይነሳ ያለው ማነው? እኔ ነኝ?»

ጁነዲን ወደ ቤቱ አቀና።

ቤት ሲገባ ነኢማና ሙኒያ ምሳ አቅርበው ይጠብቁት ነበር። ሙኒያ ዘጠነኛ ክፍል ናት። «አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?» አላት። ዓይኗን ከሳህኑ አላነሳችም።

«መምህሩ ስም ሲጠራ «ሙኒያ ጁነዲን» ሲል፣ ከኋላ «ማንጎ!» ይላሉ።»

«መምህሩስ?»

«እሱም ይስቃል።»

«ለምን አልነገርሽንም፣ እናቴ?» አለች ነኢማ።

«ምን ብዬ? ስሙ እኮ የአባ ነው።» ቀጥላም፦ «ቢሮ ሄጄ ሙኒያ ይመር መባል እችላለሁ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። በአያት መጠራት አይቻልም አሉኝ።»

ጁነዲን መቀመጫ ፈለገ። ተቀምጦ እንደነበር ረስቶታል። መኪና ተገልብጦበት ያውቃል፤ ጓደኛ ሞቶበት ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ደርሶበት አያውቅም። ልጁ ስሙን ልታወልቀው ሄዳ፣ የመለሳት ደንቡ ብቻ ነው።

«አስጠፋዋለሁ» አለ። ለማን እንደተናገረ አይታወቅም።

መጀመሪያ ጥጋቡ ዘንድ ደወለ።

«ወንድሜ፣ አገር እንዲያውቅህ አድርጌ ትቆጣኛለህ?» አለ ጥጋቡ። «አምባሳደራችን ነህ እኮ! ደግሞ ራስህ ያልከውን ነው ያወጣሁት፤ አንድ ቃል ጨምሬበታለሁ?»

አልጨመረም። የቀነሰ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክክር ሰመራ ሲጠራ ጁነዲን ጭነት ሳይኖረው፣ በሚኒባስ ወረደ። ወይዘሮ ሱልጣና ፊት ቆሞ ያለፈው ቃሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲፋቅለት ጠየቀ። የተመዘገበ አይፋቅም፤ ተጨማሪ ካለዎት ይናገሩ አሉት።

«እኔ ቁጥጥር ያልኩት ጭነት ላይ የሚወጡትን ነው» አለ። «ሕጉን አይደለም። ሕግ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አሁን በስሜ ለተማሪ እየተሸጠ ነው። የልጄ ስም ሲጠራ ክፍሉ ማንጎ ይላል። ቁጥጥር ይኑር። ይጥበቅ።»

አዳራሹ እንደ ባለፈው ሳቀ። ወይዘሮ ሱልጣና አልሳቁም። ጥጋቡ እጁን አውጥቶ ተነሣ።

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ይሄ ሰው ይጥበቅ የሚለውን ዕቃ አሁንም ኪሱ ውስጥ ይዞታል። ዋሸህ ካሉኝ ይፈተሽ!»

ሳቁ ቆመ። የጁነዲን እጅ በራሷ ጊዜ ወደ ሸሚዝ ኪሱ ሄደች።

«ይዤያለሁ» አለ። «ብተዋት ወደ ሲጋራው እመለሳለሁ፤ ፈርቼ ነው። ለእኔ ሱሱን የሚያስተወኝ ነገር ካላችሁ ስጡኝ። የልጆቹን ግን አስቁሙ።»

ወይዘሮ ሱልጣና ግራ ቀኝ አዩ። ከጎናቸው የተቀመጡት ባለሙያዎች ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ።

«ለእርስዎ አሁን የምሰጠው የለኝም» አሉ። «ውሸት አልነግርዎትም። ለልጆቹ ግን የት ነው የሚሸጠው?»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ጁነዲን በሩ ላይ ያለው ሱቅ አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ ያለው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ተመልሶ ሊነሣ ሲል ተራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የአዳራሹ ጥበቃ መጥቶ እጁን ዘርግቶ ቆመበት፤ ጁነዲን ፍላሹን ሰጠው።

ሚሌ ሲደርስ ሚኒባሱ ለምሳ ቆመ። ጁነዲን ምሳ አልበላም። ሲጋራ ገዛ።

የአስረሳችን ሱቅ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ያሸጉት ብዙም ሳይቆይ ነው። ብስኩቱም፣ ደብተሩም፣ ስኳሩም ከውስጥ ቀረ። እሷ ከታሸገው በር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። ጁነዲንን ስታየው አልተሳደበችም። እንዲህ ብቻ አለችው፦

«እኔ ዘንድ መጥተህ አቁሚ ብትለኝ፣ እምቢ እልህ ነበር?»

አላላትም ነበር። ለካስ ሱቋ ገብቶ የጠየቃት ማን እንደሚያመጣላት ብቻ ነው፤ አቁሚ አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ንግግር ደጋግሞ አስታወሰው፤ «አቁሚ» የሚለውን ቃል ግን አላገኘበትም።

ገብሩም ኬላ ላይ የፍላሹ ካርቶን ተይዞበት መኪናው ቆመ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጁነዲን ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል። አንድ ነጋዴ የሚልከውን ካርቶን ለሌላ ሹፌር ሲሰጥ አየና ለምን ብሎ ጠየቀው። ነጋዴው አፈረ። የመለሰለት ከጎን የቆመ ጎማ ለዋጭ ነው፦ «ለጁነዲን ከነገርከው ሰመራ ደርሷል በለው!» አለና ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም፤ ይህ ደግሞ ባሰበት።

ነኢማ የሲጋራውን ሽታ ከሸሚዙ ላይ አገኘችው። ሸሚዙን አጠበችው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሙኒያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሁንስ ማንጎ ይላሉ?» አላት።

«የለም፤ ተዉት። ስሜ ሲጠራ ክፍሉ ጸጥ ይላል።» የቦርሳዋን ማንገቻ ሳበች። «ከአጠገቤም የሚቀመጥ የለም። ሎዛ እንኳ ቦታ ቀየረች። በአንቺ አባት ሰበብ እኛንም ቢሮ ጠሩን ይላሉ።»

ጁነዲን ልጁን አያት። ተማሪዎቹም ቢሮ ይጠራሉ ብሎ አስቦ አያውቅም። ዕቃው ሲቆም ሁሉ ነገር አብሮ የሚቆም መስሎት ነበር።

«ፍርድ ቤት ብንሄድ ስም ይቀየራል አሉ» አላት። «ጠይቄያለሁ። ይመር እንድትባይ ላድርግልሽ?»

ሙኒያ ቦርሳዋን አውልቃ እግሯ ሥር አደረገች።

«ተወው አባ» አለች። «አሁን ብቀይረው የሸሸሁ ነው የሚመስላቸው።»