ሼህ ሙርሳል ያስለኩት ወለል

ድሮ፣ ሆሞሻ ገና ጥቂት የሣር ቤቶች ሳለች፣ ቁርኣን አስተማሪው ሼህ ሙርሳል አጎዛቸው ላይ አንዴ ከተቀመጡ የሚያስነሳቸው አልነበረም። የሚቆጡትም ተቀምጠው ነው።

የማስተማሪያ ቤታቸው ቅርጽ ግራ ያጋባል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ተሠርቶ፣ ተማሪ ሲበዛ ጎኑ ላይ ግማሽ ክብ ተቀጠለበት። የቀርከሃ ምንጣፍ ሊያሠሩለት ሲያስቡ ልኬቱን ትምህርት አደረጉት።

«ቅርጹ አያስፈራችሁ! አራት ማዕዘኑን ለብቻ፣ ግማሽ ክቡን ለብቻ በክንድ ለኩና ደምሩ። እንደ ምሰሶው ያለ የማይነቃነቅ ነገር የያዘውን ቦታ ደግሞ ቀንሱ!» አሉ፣ ከአጎዛቸው ሳይነሱ።

ተማሪዎቹ በተቀመጡት ሼህ ዙሪያ እየተሽከረከሩ ለኩ፣ ደመሩ፣ ቀነሱ።

ምንጣፍ ሠሪዋ ዐዋጢፍ በልኬቱ ሠርታ ያመጣችው፣ ሼሁ ገና ሳይገቡ በማለዳ ሲዘረጋ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ልክክ አለ። ሁለት ቦታ ብቻ ክፍት ነበር፤ አንዱ ምሰሶው ሥር፣ ሌላው፣ በጣም የሚሰፋው፣ የሼሁ መቀመጫ ላይ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉ ሼሁ እንደ ገቡ ጮኹ።

«የማይነቃነቀውን ቀንሱ ብለውን ነው» አለ ሻዕባን የተባለው ተማሪ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሼሁ ስሕተቱን ሊያሳዩ ክፍተቱ ውስጥ ዘፍ አሉ። ግራ ቀኛቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ጣት የሚያስገባ ቦታ እንኳ አልተረፈም።