አንድ ከተማ ወደ ኋላ

ኩባንያው ሹፌር ሲቀጥር የሚያድላት ባለ ቀለም ወረቀት አለች። ጥርሱ የነጣ ሹፌር መሪ ጨብጦ ይስቃል፤ ከጎኑ ሚስትና ልጆች ተደርድረው ይስቃሉ፤ ከላያቸው «ሹፌራችን የቤተሰባችን አባል ነው» ተብሎ ተጽፏል። በቃሉ ውስጥ ሐሰት የለም። ባዕድን ሰው ሌሊት መላክ ያሳፍራል፤ «ግድ የለም፣ የቤት ሰው ነው» ተብሎ የሚላከው የቤተሰብ አባል ብቻ ነው። ውሉ ደግሞ «ሦስት ሳምንት መንገድ፣ ሁለት ቀን ቤት» ይላል። ያረቀቁት ሰውዬ በየምሽቱ ነጠላ ጫማቸውን የሚያጠልቁት በገዛ ቤታቸው ነውና ሁለት ቀን የሰጡት ቸርነት በዝቶባቸው ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አያምኔ የሚሉት አንድ አባል አለ። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። መካኒኩ «ጎማው ደኅና ነው» ሲለው አመስግኖ ይወርድና ጎማውን ሁሉ በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሚዛኑን ይጠረጥራል። ሐኪም «ጤነኛ ነህ» ያለው ጊዜ፣ «ምን ቢያይብኝ ነው የደበቀኝ?» ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው ግን የስምሪት ክፍሏን ሴትዮ ነው።

ሹፌሮቹ «ማሯ» ይሏታል። ማን ምን ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ ከዋናው ቢሮ በስልክ የምትወስነው እሷ ናት። ድምፅዋ ማር ነው፤ ንቡ የሚመጣው በኋላ ነው። ሹፌር ጣፋጭነቷን በደረጃ ለይቶ ያውቀዋል። «ወንድሜ» ካለች ማራገፊያው ላይ ወረፋ አለ። «ወንድም ጋሼ» ካለች ሌሊቱን ስትነዳ ታድራለህ። «የኔ ጌታ» ካለች ግን ለሚስትህ ደውለህ አትጠብቂኝ በላት። ብዝበዛ ድሮ ጅራፍ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ሠልጥኖ «የኔ ጌታ» እያለ ይደውላል።

ከዚህ ማር ለማምለጥ ሹፌሮቹ አንድ ዘዴ አላቸው። መኪኖቹ ያሉበትን ቦታ ለቢሮ የሚያሳይ መሣሪያ ይገጠማል ከተባለ ዘመን አልፏል፤ እስካሁን የተገጠመው ወሬው ብቻ ነው። ስለዚህ «የት ደረስክ?» ስትል፣ ሁሉም ካለበት አንድ ከተማ ወደ ኋላ መልሶ ይነግራታል። በዚያች በተሰረቀች መንገድ ሰው ልብሱን ያጥባል፣ ጋቢናው ውስጥ ጥቂት ያሸልባል። ማሯም ሞኝ አይደለችም፤ በነገሯት ላይ አንድ ከተማ ጨምራ ትይዛለች። ሹፌር ይቀንሳል፣ ስምሪት ይጨምራል፣ ሥራው ሳይዛነፍ ይሄዳል። እውነት ብቻዋን መሃል መንገድ ላይ ቆማ ሊፍት ትለምናለች።

በዚያ ሰሞን አያምኔ ቤቱን ካየ ውሉ ከሚለው በላይ ቆይቶ ነበር። ሚስቱ ደወለች።

«ልጅህ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች።»

«ማን መታት?»

«ማንም። የአባቴ መኪና ከትምህርት ቤቱ በር ይበልጣል ብትላቸው ውሸታም አሏት። መኪናም የላት፣ አባትም የላት ተብሎ ተዘፍኖባታል።»

«መምህሯስ ዝም አለች?»

«መምህሯማ እኔን ጠርታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የልጅቷ አባት በሕይወት አሉ? አለችኝ።»

አያምኔ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«እናቴ ሹፌር በየኬላው ቤት አለው ትላለች» ቀጠለች ሚስቱ። «እኔ ግን ቢኖርህ ደስ ይለኝ ነበር። ቢያንስ አንዱ ቤት ታድር ነበራ!»

«ዓርብ ልጆቹ ከክፍል ሳይወጡ በሩ ላይ ነኝ። ከነመኪናዬ።»

«ለእኔ ቃል አትግባ፤ እኔ ለምጄዋለሁ። ለእሷ ራስህ ንገራት።»

ልጅቷ ስልኩን ተቀበለች። ገና ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ግን የአባቷ ልጅ ናት። የተገባላትን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «አባዬ፣ አሁን በእውነት የት ነው ያለኸው?» አለችው።

ሐሙስ ጠዋት አያምኔ ጭነቱን አራግፎ፣ የዱቄት ፋብሪካ ባለባት ከተማ ባዶ መኪናውን ዳር አስይዞ ሻይ ይጠጣ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«እንዴት አደርክ፣ የኔ ጌታ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ደኅና ነኝ፣ እህቴ።»

«የት ደረስክልኝ?»

አያምኔ በልቡ አሰላ። ያለሁበትን ብነግራት አለቀልኝ። አንድ ከተማ ብቀንስ እሷ አንድ ትጨምርና እዚሁ ከነሻዬ ታገኘኛለች። ሁለት ልቀንስ! እንዲህ ያለ ብልሃት እስከ ዛሬ እንዴት ሳይመጣለት እንደቀረ ራሱን ገረመው።

«ወንዙን ገና አልተሻገርኩም» አለ። ወንዙ ሁለት ከተማ ኋላ ነው።

«ውይ!» አለች ማሯ፤ ቀጥላም፣ «በል እንግዲያው፣ ነገ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጭነህ ወደ ባሕሩ ትወርዳለህ።»

«ቤቴስ?»

«ስትመለስ፣ የኔ ጌታ።»

አያምኔ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሻይ ሻጯ ዞረ። «ሰማሽልኝ? እያላሰች ነው የምትነድፈው!» ሻይ ሻጯ ምንም ሳይገባት ራሷን ነቀነቀች። ለሚያማርር ሹፌር ራስ መነቅነቅ ከሻዩ ጋር አብሮ የሚሸጥ ነው።

ብርጭቆው ሳይጎድል የኩባንያው ሌላ መኪና መጥቶ ዱቄት ፋብሪካው በር ላይ ተሰለፈ። ነጂው መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንጂ ዓይኑ ላይ የማያደርግ ላጤ ነው፤ ቀብራራው ይሉታል። አያምኔን ሲያይ አፉን ከፈተ።

«አንተ! ወንዝ ማዶ ነው አላለችም እንዴ? ይሄ ዱቄት እኮ ያንተ ነበር። ወዳንተ ከተማ ነው የሚሄደው፣ ቤትህ ጥግ ወዳለው መጋዘን። ቅርብ ያለ መኪና ዛሬውኑ ይድረስ ተብሎ፣ አንተ ስትርቅባት ለእኔ ሰጠችኝ። ራሷ ናት የነገረችኝ።»

አያምኔ ሰውየው እየዋሸ እንደሆነ ፊቱን መረመረ። ቀብራራው ግን የሚዋሸው ስለ ሴት ብቻ ነው።

«እንለዋወጥ» አለ አያምኔ። «አንተ ሲሚንቶውን ይዘህ ባሕሩ ጋ ውረድ።»

ቀብራራው መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ። «ዱቄቱ ውስጥ ምን አለ?»

«ዱቄት ነዋ!»

«ለዱቄት እንዲህ አይለመንም። አያምኔ የወደደው ጭነትማ አንድ ነገር አለበት።»

አያምኔ የልጁን ነገር አጫወተው። ቀብራራው መነጽሩን መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ማሯ ከፈቀደች እኔ ምን ቸገረኝ። ለላጤ ሁሉም ከተማ ቤቱ ነው።»

ተደወለ።

«እህቴ፣ እዚሁ ዱቄት ፋብሪካው በር ላይ ነኝ።»

«አሁን ወንዙን አልተሻገርኩም ብለኸኝ?»

«ዋሽቼ ነበር።»

«አሁንስ? በክንፍ መጣህ? የዱቄቱን ወሬ ሰምተህ መሆኑ አይጠፋኝም። አይሆንም፣ ወንድሜ።»

አያምኔ ስልኩን ለፋብሪካው ጥበቃ አቀበለ። ጥበቃው ምስክርነት ምን እንደሚያስከትል ያወቀ ሰው ነው። «እኔ በሩን ነው የምጠብቀው፣ እመቤቴ፤ መንገዱን አላየሁም» ብሎ ስልኩን መለሰለት። ቀብራራውም ቢመሰክር ሹፌር ለሹፌር ነውና ማን ያምነዋል? ሲጨንቀው አያምኔ ጋቢናው ላይ ወጥቶ ክላክሱን ተጫነው። ያ ክላክስ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እንደ ታመመ ፍየል ነው የሚጮኸው። ኩባንያው በየጊዜው «ይቀየርልሃል» ይለዋል። የዚህ ፍየል ወንድም በሌላ መኪና ላይ የለም።

ማሯ ሳቀች። ይሄኛው ሳቅ ማር አልነበረበትም።

«አንተ ሰው! ቤትህ ልልክህ እኮ ነበር የኔ ጌታ ያልኩህ!»

«በምን ልወቅ? ሁልጊዜ ለክፉ ነው የምትዪው።»

«ይሁን፣ ዱቄቱን ጫን። ሁለት ቀን ታርፋለህ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ግን ከተማውን ለቀህ እንዳገኝህ።»

እዚህ ላይ የዋህ አንባቢ እርቅ ወረደ ብሎ ይደሰት ይሆናል። ይቆይ። ዱቄት በሳቅ አይጫንም። ወረፋው ሐሙስን ፈጀ፤ መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ዓርብን በላ። አያምኔ ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርስ በሩ ተቆልፏል፤ አጥሩ ላይ አንድ የተረሳ ሹራብ ተንጠልጥሏል።

ቤቱ ደጃፍ ሲያቆም ልጁ ወጣች። ሳትስመው መኪናውን ዞረች፤ ጎማውን አንድ በአንድ በጫማዋ እየመታች።

«አለህ ማለት ነው» አለች ስትጨርስ። «ግን ማንም አላየህም። ሰኞ ትኖራለህ?»

ሚስቱ ከውስጥ፣ «መልስላት እንጂ፣ አንተ ሰው!» አለች።

«እኖራለሁ» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱ አላመነውም።

ቅዳሜ ዱቄቱን አራገፈ። እሑድ ተኛ ቢሉት፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣራ ሲያይ ዋለ።

ሰኞ ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣ ጋቢናው ውስጥ ቀድማ ተቀምጣለች። እሱ መሰላሉ ላይ አንድ እግሩን እንደ ሰቀለ ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረስክ፣ የኔ ጌታ?»

አያምኔ እንደ ልማዱ አንድ ከተማ ወደ ኋላ ሊቀንስ አሰበ። ግን ከቤት ወደ ኋላ ከተማ የለም። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ልጅቷም ከላይ አንገቷን አውጥታለች። ሌላ ምን ይበል?

«ቤቴ በር ላይ ነኝ፣ እህቴ። ሞተር እንኳ አላስነሳሁም።»

«ጎበዝ!» አለች ማሯ። «ከተማውን ለቀሃል ማለት ነዋ። በዚያው ቀጥል፣ በርታልኝ» ብላ ዘጋችው።

«ምን አለችህ?» አለች ሚስቱ።

«መንገድ ላይ ነህ አለችኝ።»

«አመንካት?»

«እሷን አምኜ አላውቅም» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ፍየሉ ጮኸ። ልጆቹ ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጡ፤ መምህሯም ወጥታ ሰውየው በሕይወት መኖሩን በዓይኗ አረጋገጠች። መኪናው በእውነትም ከበሩ ይበልጣል፤ አይገባም። በዘፈኑ መሪ የነበረችው ልጅ ጠጋ አለችና አያምኔን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ተከራይታችሁ ነው አይደል?» አለቻት።

የአያምኔ ልጅ ከጋቢናው ወረደች። አልተቆጣችም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቤቷ የለመደችው ነው።

«ጎማውን መተሽ እዪው» አለቻት።