የቪየናዋ ፒያኒስትና የጅጅጋዋ ተማሪዬ

አዲስ አበባ ፒያኖ ተምሬ ወደተወለድኩበት ጅጅጋ ስመለስ፣ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ታዲያ ፒያኖው የታለ?» እያለ ነበር። ፒያኖ አልነበረኝም። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲረበሽ እናቴ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ከዚያ በኋላ እሷን ትቼ አዲስ አበባ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ በዓመቱ ጓዜን ጠቅልዬ መጣሁ። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ገባሁ። ከሙዚቃ ዕቃ ያመጣሁት አንድ ኪቦርድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ከሥራ መልስ እጫወትበት ነበር።

ተማሪዬን ያመጣት የኪቦርዱ ድምፅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ዓይነ ስውር የሶማሌ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሰፈራችን ራቅ ብላ ልብስ ትሸጣለች። ለካ በአጥራችን ሥር ስታልፍ ቆም እያለች ስታዳምጥ ከርማለች። አንድ ቀን ከእናቷ ጋር መጥተው በራችንን አንኳኩ። እናቷ ልጇ ይህን ነገር ካልተማርኩ ብላ እንዳስቸገረቻት ነገረችኝ፤ እሷ ግን ሙዚቃ ለሴት ልጅ ይበጃል ብላ አታምንም። እኔ የማስተምራት ዘፈን እንዳልሆነ፣ ቤቱም ውስጥ ከእኔና ከእናቴ በቀር ሰው እንደሌለ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና «እሺ አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «አንቺ ጋ ከሆነች አልሰጋም።»

ልጅቷ ጆሮዋ ንቁ፣ ጣቶቿ ግን መጀመሪያ ላይ ቸኳይ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ድምፅ አይኖረውም፤ እሷ ግን አትነሳም። የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ብቻ እየሰማች ትለማመዳለች፣ እኔም ጣቶቿን እያየሁ አርማታለሁ። መብራት በጠፋበት በአንዱ ቀን እጇን ሳታነሳ «ቲቸር፣ እንደኔ ሆና ፒያኖ የተጫወተች ሴት ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ትምህርት ቤት ሳለን ስለ አንዲት ሴት በጨረፍታ ሰምቼ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ቪየና የኖረች ዓይነ ስውር ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ ስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ ልጅቷ በመጣች ቁጥር በአማርኛ እተርክላት ጀመር።

የዚያች ሴት አባት የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነበር። ገና ድክ ድክ ስትል ዓይኗ ጠፋ። ንግሥቲቱ ተሰጥኦዋን አይታ ለትምህርቷ ድጎማ ቆረጠችላት። ያን ጊዜ የጨዋ ልጅ ፒያኖ ብትማር እንግዳ ለማጫወት፣ ደህና ባልም ለማግኘት ነው፤ እሷ ግን በአደባባይ ተጫዋችነት ስሟ ወጣ። ዜማ የምትደርሰው በሰሌዳ ላይ ችንካር እየሰካች እንደነበር ስነግራት፣ ተማሪዬ ችንካሮቹ ምን ያህል እንደሆኑ፣ ከእንጨት ይሁኑ ከብረት ደጋግማ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር።

ከዚያ የሐኪሙ ታሪክ መጣ። ሴትዮዋ ለአካለ መጠን ስትደርስ በማግኔት እፈውሳለሁ የሚል ሐኪም ቤቱ አስገብቶ ያክማት ጀመር፤ ጥቂት ብርሃን አየች ተባለ። ማየት ስትጀምር የሰው አፍንጫ ፊት ላይ ተገትሮ አስፈራት። ቁልፎቹን ስታይ ጣቶቿ መንገድ ጠፋባቸው፤ በጨለማ እንከን ያልነበረው ጨዋታዋ ይደነቃቀፍ ጀመር። አባቷ ከሐኪሙ ተጣልቶ ይዟት ሄደ፤ ያ ብርሃንም ጠፋ።

«ተመልሶ ሲጨልምባት እሷ ምን አለች?» አለች ተማሪዬ።

ሐኪሙ ያለውን አንብቤያለሁ፣ አባቷ ያለውንም እንዲሁ። የእሷን ግን አላገኘሁም። ይህንኑ ነገርኳት።

«ማንም አልጠየቃትማ» አለች፤ ወዲያው ወደ ልምምዷ ተመለሰች።

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ፓሪስና ለንደን ድረስ እየዞረች ተጫውታለች፤ ስታረጅም ቪየና ውስጥ ለሴቶች ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፍታለች። ተማሪዬን ግን ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ያ የሐኪሙ ነገር ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የእሷን ዓይን ያጠፋት በልጅነቷ የያዛት ኩፍኝ ነው፤ እናቷም አዲስ አበባ ከሞቱ ለጋሾች የተወሰደ የዓይን ብሌን ሽፋን እንደሚተከል ሰምታ በጉጉት እየተዘጋጀች ኖሯል። ከተማውን ስለማውቀው አብሬያቸው እንድሄድ ለመነችኝና ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

የዓይን ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፤ ግን እኔን እያየ «ልጅቷ ማየት ያቆመችው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ዶክተር፣ እኔን ይጠይቁኝ።»

ይቅርታ ጠይቋት ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። እንደ ሌላው ሰው ታያለሽ ብሎ ሊዋሻት እንደማይፈልግ፣ በአንድ ዓይኗ ቅርጽና ቀለም ልትለይ እንደምትችል፣ ዓይኗ የተተከለውን ላይቀበለውም እንደሚችል ነገራት። እሷም ትምህርቷን በለመደችው መንገድ ሳትጨርስ፣ ከምርቃቷ በፊት እንደማትታከም ነገረችው። እናቷ ኮሪደሩ ላይ በሶማሊኛ ተቆጣቻት፣ ስንት ቤት ለምኜ ነው እዚህ የደረስነው አለቻት፣ መጨረሻ ላይም አለቀሰች። ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። ያረፍንበት ቤት ስንገባ እናቷ ሻሿን እያስተካከለች ወደ እኔ ዞረች።

«ዓይኑ የሷ ነው። እሷ ባለችው ጊዜ ይሁን» አለችኝ።

ተመረቀች፤ ከዚያም ታከመች። ሐኪሙ እንዳለው ሆነላት፤ ቅርጽና ቀለም በአንድ ዓይን። ጅጅጋ ከተመለሱ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ሳትመጣ ቀረች። ያንን ታሪክ ባልነገርኳት ኖሮ እያልኩ ተጨነቅሁ። በመጨረሻ መጣችና ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች፤ ገና ስትጀምር ተሳሳተች። እንደገና ጀምራ እንደገና ተሳሳተች። ነጭና ጥቁሩ አንድ ላይ እየተንቀሳቀሰ እንደሚያዞራት ነገረችኝ። ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት፤ እምቢ አለች። ይህን ሁሉ ተሠቃይቼ ልጨፍን እንዴ ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰችው። ግቢያችን ገመድ ላይ የእናቴ ቀሚሶች በነፋስ ይወዛወዙ ነበር፤ እነሱን እያየች ዜማውን እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት።

ዛሬ ከጅጅጋ ወደ ድንበሩ በምትገኘው በሐርተሼክ ከተማ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እናቷም ሱቋን ዘግታ አብራት ሄዳለች። ኪቦርዱን ሰጥቻታለሁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጥቂት ሴቶች ልጆች ቤቷ እየመጡ ይነካካሉ፤ እናቷ በሩን እንዲዘጉት ብቻ ታዛቸዋለች።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አመሻሹ ላይ ከደጅ ተቀምጠን፣ የተተከለላት ሽፋን እየደበዘዘ መምጣቱን ነገረችኝ። ሐኪሙ ሌላ ተክለን እንሞክራለን ብሏታል፤ እሷ ገና አልወሰነችም። በዚህ መሃል ከብቶች ከውኃ እየተመለሱ በፊታችን አለፉ፤ አቧራው አካባቢውን ሸፈነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብላ አየች።

«ያቺ ከፊት ያለችው ቀይ ናት አይደል?»

«ቀይ ናት» አልኳት።

የመጨረሻዋ ላም እስክታልፍ ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ከዚያ እናቷ ሻዩ ቀረበ ብላ ጠራችን፤ ተነስተን ገባን።