ከአልጋዬ በላይ የተኛው ሰው ስም

በፈረንጆች ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ነበር። ዕድሜዬ በፓስፖርቴ ሃምሳ ሁለት፣ በእናቴ ስልሳ አንድ። ስሜም እንደዚሁ ሁለት ነው። ወደ ዶሃ ስመጣ ደላላው ዕድሜዬን ቀንሶ፣ ስሜንም ለውጦ ነው ወረቀት ያወጣልኝ። ቪዛው በዚያ ይቀላል አለ፤ እኔም የፈለግሁት ሥራ ነበር። አል ሰድ ውስጥ አንድ ሕንፃ እጠብቃለሁ። እዚያ የሚጠሩኝ በኢቃማዬ፣ በመኖሪያ ወረቀቴ ላይ ባለው ስም ነው።

የምንኖረው ኡም ሰላል መሐመድ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ነበር። አንዱ ታክሲ የሚነዳ የወሎ ሙስሊም ነው። ሌላው ከአልጋዬ በላይ የሚተኛው ጓደኛዬ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን። እሱም እንደ እኔ ክርስቲያን፣ እሱም እንደ እኔ በደላላ ስም የሚኖር። እኛም በዚያው ስም ስንጠራው ለመድነው። የወሎው ሰው «እናንተ ስማችሁ ሁለት፣ ምሳችሁ አንድ» እያለ ይስቅብን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ጓደኛዬ ልብ ወለድ ያነብልኛል። እኔ ፊደል እለቅማለሁ እንጂ መጽሐፍ አይሆንልኝም፤ ገጹ ሳያልቅ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። መጽሐፉ ከአዲስ አበባ የመጣለት ነው፣ የዘመኑ ድርሰት። ባለታሪኩ ሰውዬ ቢሮ አለው፣ ሚስት አለው፣ መኪና አለው። ግን ጧት ይነሣና መስታወት እያየ «እኔ ማነኝ?» ይላል። በቃ። ስንት ምዕራፍ ሙሉ እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ነን፤ ጎረቤት እንኳ ብቅ አይልም።

«ይሄ ሰው ሹግል የለውም እንዴ?» አልሁ።

«ሥራማ አለው። የሚፈልገው ሌላ ነው። ሥነ ልቦና ይሉታል።»

«ጠግቦ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አንተስ ማነህ?»

«ጥበቃ ነኝ።»

«እሱ ሥራህ ነው። ዩኒፎርሙን ስታወልቅ ማነህ?»

«ያላ፣ አንብብ።»

ሳቀ። ከዚያ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አስቀመጠና አንድ ነገር ነገረኝ። በዚያ ሳምንት ከሥራ ሲወጣ አንድ ያገሩ ሰው በጥንት ስሙ ጠርቶት ነበር። እሱ ግን ዞር አላለም። ሰውየው ሮጦ ትከሻውን ሲይዘው ነው የገባው።

«ሌላ ሰው የሚጠራ መሰለኝ» አለ።

«ምናለበት፣ ደረሰብህ አይደል?»

ገጹን አጠፈና እንቅልፍ መጣብኝ አለ።

ሳምንቱ ሳይሞላ ሞተ። በዕረፍቱ ሰዓት ሻይ እንደያዘ ልቡ ቆመ አሉን።

አስከሬኑ አገር ከመግባቱ በፊት ፍትሐት ይደረግለት ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቄሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ የክርስትና ስሙን ነው። ሙት የሚፈታው በክርስትና ስሙ ነው፤ የቤት ስም አይሆንም፣ የደላላ ስምማ ጭራሽ።

«አላውቅም አባቴ።»

«አብራችሁ አልነበራችሁም?»

«ዘጠኝ ዓመት። አልጋው ከእኔ በላይ ነው።»

ወንድሙ ጋ ደወልሁ። የቤት ስሙን ነገረኝ፤ የክርስትናውን ግን እናታችን ነበረች የምታውቀው አለ። እሷ አፈር ከለበሰች ቆይታለች። ክርስትና ያነሣው ሰውም የለም። እዚህ የንስሐ አባት አልያዘም። የወሎው ሰው «ምናልባት መጽሐፉ ላይ ጽፎት ይሆናል» ብሎ ገጽ በገጽ ገለጠው። የታጠፈችው ገጽ ብቻ ነበረች። የሥራ ጓደኞቹንም ጠየቅሁ፤ እነሱ የሚያውቁት ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ ነው።

ተመልሼ ለቄሱ ነገርኋቸው።

«አይጨነቁ አባባ፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እሱማ ያውቃል። ያላወቅሁት እኔ ነኝ።»

ጸሎቱ ላይ ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ «ገብርከ»፣ ባሪያህ፣ ብለው ምንም ሳይጨምሩ አለፉ። መሞቱን ስሰማ አላለቀስሁም። ያለቀስሁት እዚያ ላይ ነው።

ሻንጣ ሲጭንበት በኖረው በአዲስ አበባው አውሮፕላን ሄደ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የደላላው ስም ነው።

ሸኝተነው ስንመለስ የወሎውን ሰው የቀረውን አንብብልኝ አልሁት። ብዙ አልቀረም። መጨረሻው ላይ ሰውየው መስታወቱ ፊት ይቆምና «ራሴን አገኘሁ» ይላል። አለቀ።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«ለማን ነው የተናገረው?»

«ለራሱ ነዋ።»

«ሲሞትስ መስታወቱ ሄዶ ለቄስ ይነግርለታል?»

የወሎው ሰው መጽሐፉን ዘጋው። እኔ ጋደም ብዬ ባዶውን አልጋ ከሥሩ ሳይ ቆየሁ። መጽሐፉን የጻፈው የተማረ ሰው ነው፤ ቢሆንም እከራከረዋለሁ። ሰው ብቻውን ሆኖ ራሱን አያገኝም፤ የሚጠራው ያስፈልገዋል። የእኔንም የክርስትና ስም የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ አገር የለም።

በማግስቱ ጧት የወሎው ሰው ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ተቀመጥሁና የክርስትና ስሜን ነገርሁት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እኔ ነኝ። ያዘው።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ሊሞቱ ነው እንዴ?»

«ዛሬ ሹግል አለብኝ። በል ድገመው።»

አበላሸው። አስደገምሁት፤ አሁንም አበላሸው። እስኪያስተካክል አልለቀቅሁትም። ከዚያ ዩኒፎርሜን ለብሼ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ በዚያ ስም ጠራኝ። ዞር አልሁ።