ጎረቤቴ ደጅ ያለው ድንጋይ

ሐኪሙ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ልጄ በስተቀኙ የአምናውን ወረቀቶች በፌስታል ይዛ ቆማለች። ከሰበታ በመኪናው ያመጣን ጎረቤቴ ባርኔጣውን አውልቆ በሩን ተደግፏል። ለእኔ ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር፤ ሁለቴ ተቀምጬ ሁለቴ ተነሣሁና መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ።

አምና የልቤ ደም ሥር ጠቦ ስቴንት የሚሉትን ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገብተውልኛል። ልጄ የመጣችው፣ ማሽን ላይ እያራመዱ ልብን በምስል የሚያዩበት ምርመራ እንዲደረግልኝ ነው። እኔ የመጣሁት እሷ ስላመጣችኝ ነው። ምስሉ መጥፎ ነገር ካሳየ እንደገና ቱቦ ሊያስገቡ ይችላሉ፤ ያንን አልጋ ደግሜ ላየው አልፈልግም ነበር።

«ቱቦው ከገባ ዓመት ሞላው እኮ፣ ዶክተር» አለች ልጄ። «ለማንኛውም ይታይልን።»

«ለማንኛውም ተብሎ አይታዘዝም» አላት። «ሕመም ከሌላቸው መድኃኒታቸውን እየወሰዱ መቀጠል ነው። ካለ ግን ማየት አለብን።» ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ ዳገት ሲወጡ ደረትዎን ይይዝዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ሰው ደኅንነቴን ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ባለቤቴ በሞተ ሳምንትም ይህንኑ ብያለሁ። ሐኪሙ ግን እንደ መልስ ወስዶት ብዕሩን አነሣ። ነጠላዬን አጣፋሁ፤ መልሼ ፈታሁት።

ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ዱጋ» አለኝ በኦሮምኛው፤ «እውነቱን ይናገሩ። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት ለምንድን ነው?»

«ጫማዬን ላስተካክል ነው።»

«ከፋሲካ ወዲህ? ጫማ ይህን ያህል አያስቸግርም። ድንጋዬንም እኮ አለሰለሱት።»

ልጄ አልሳቀችም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እማዬ፣ እሳቸው የሚሉት እውነት ነው?»

ከመስኮቱ በታች ታክሲዎች ተሰልፈዋል። አንዱ እስኪሞላ ሁለት ሰው ብቻ ይቀረው ነበር። ሮጬ ብደርስበት ብዬ አሰብኩ። ሮጬ እንደማልደርስ ደግሞ ከማንም ይልቅ እኔ አውቀው ነበር።

«ይይዘኛል» አልኩ ለሐኪሙ። «ስቀመጥ ይለቀኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጎረቤቴ እንዳለው።»

ወረቀቱን ገልብጦ ጻፈ። «እንግዲያው ዛሬውኑ እናየዋለን። መድኃኒት መጨመሩ ይበቃ እንደሆነ ወይም ሌላ ነገር የሚያስፈልግ እንደሆነ፣ ምስሉን አይተን አብረን እንወስናለን።»

ነርሷ መጥታ ጠራችኝ። ጎረቤቴ ከበሩ ገለል አለ። ነጠላዬን ለልጄ ሰጥቼ ወጣሁ።