ሳልጽፈው የቀረሁት ቁልፍ

እናቴ የቤቷን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራው ነበር። ለሕክምና ብዬ ከጎጃም ወደ ሐዋሳ ሳመጣትም አልፈታችውም። ገላዋን ሳጥባት እንኳ በአንድ እጇ ጨብጣ ትይዘዋለች።

«ማን ሊወስድብሽ ነው እማዬ?» እላታለሁ።

«ሌባ ፈርቼ መሰለሽ? በእንግድነት መምጣቴን እንዳልረሳው ነው።»

ልቧ ደክሞ ነበር፤ ወደ ማታ እግሮቿ ያብጣሉ። በሦስተኛው ወር «አገሬ መልሺኝ፣ እዚያው ልሙት» አለችኝ። ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ሁለት ቀን መኪና ነው፤ የዓባይ በረሃም አለ። ልባቸው አይችለውም» አለኝ። «መድኃኒቱን ቀይረናል። እስከ ሐሙሱ ቀጠሮ እንየው።»

እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር እንደሌለ መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩና በአንዱ በኩል «ትቆይ»፣ በሌላው «ትሂድ» ብዬ ጻፍኩ። «ትቆይ» ሥር ሐኪሙ፣ ኦክስጅኑ፣ አዲሱ መድኃኒት፣ ክረምቱ፣ መንገዱ ተደረደሩ። «ትሂድ» ሥር አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ትፈልጋለች»።

የንስሐ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህቺን አንዷን ቃል በስንቱ ትመዝኛታለሽ?»

«አላውቅም አባቴ።»

«እኔም አላውቅም። ጸልዪበት። ብቻ ስትጸልዪ መልሱን ራስሽ እንዳትሰጪ።»

ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰጥቼ የነበረ ይመስለኛል መልሱን።

ጎረቤቴ የሲዳማ ሴት ናት፤ ጴንጤ ናት። ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትገባ እናቴን ትጠይቃለች። አንድ ቀን፣ «እማማ፣ እዚህ ይሻልዎታል። ሐይቅ አለ፣ ነፋስ አለ» አለቻት።

«ሐይቁን ምን ላድርገው ልጄ? እዚህ ብሞት ተዝካሬን ጉማሬ ሊበላው ነው?»

«ጉማሬ ጠላ አይጠጣም እማማ። ሣር ብቻ ነው፤ ድግሱ ይቀልልዎታል።»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ ሳቋን ሳትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «እዚያ ግን የሚበላው ሰው አለ» አለች።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ማተቧ አንገቷ ላይ አለ፤ ቁልፉ ግን መዳፏ ውስጥ ነበር።

«እንኪ፣ አንቺ ያዥልኝ። ከበደኝ።»

ስቀበላት ብረቱ የእሷን ሙቀት እንደያዘ ነበር። ሆዴ ያኔውኑ ነገረኝ፤ ውሰጃት፣ ነገ ጠዋት ውሰጃት አለኝ። ጓዳ ገብቼ ወረቀቱን ከዳዊቴ አወጣሁና ብዕር ይዤ ቆምኩ። «ቁልፏን ሰጠችኝ» ተብሎ በየትኛው በኩል ይጻፋል? ምክንያት አልመስል አለኝ። ሐኪሙ ፊት ይዤው የምቀርበው ነገር አልሆነልኝም። አጥፌ መለስኩት።

«ሐሙስን ብቻ እንለፍ እማዬ፤ ከዚያ እንሄዳለን» አልኳት።

«እሺ» አለች። እናቴ ሳትከራከር እሺ ብላኝ አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ዐረፈች።

መግነዙን የገዛሁት እዚያው ሐዋሳ፣ ፒያሳ ካለ ሱቅ ነው። ሻጩ ጨርቁን ዘርግቶ «ስንት ሜትር ይሁን?» ሲለኝ የእናቴ ቁመት ጠፋብኝ። ሦስት ወር ያጠብኩት ገላ ነው። ገብቶት መሰለኝ፣ አስረዝሞ ቀደደልኝ። ሐዋሳ ተቀበረች። የሚያውቋት ጎረቤቴና የእድሩ ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ ሌላው ሰው የመጣው ለእኔ ብሎ ነው።

ሐኪሙ አልዋሸኝም። መንገድ ላይ፣ በረሃው መሃል፣ እጄ ላይ ልታልፍ ትችል ነበር፤ ዛሬም ይህን አልክድም። እግዚአብሔርንም አላማረርኩም። ብቻ ሆዴ የነገረኝን ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆኔን ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ።

ለአርባዋ አገር ቤት ሄድኩ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። በሩን ስከፍት ወለሉ እንደተጠረገ፣ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ እንደተደፋ፣ አልጋዋም እንደተነጠፈ ነው። አልጋው ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ተቀምጧል፤ ራሷ የፈተለችው።

አብረውኝ የገቡት የማኅበሯ ሴት በሩን ተደግፈው ቆሙ። «ልትታከም ስትሄድ ነግራን ነበር» አሉኝ። «መግነዜ አልጋው ላይ ነው፤ ስመለስ እንዳትቸገሩ፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር አለ አለችን።»

ወደ አልጋው ተጠግቼ ጨርቁን ዘረጋሁት። ከራስጌ እስከ ግርጌ በእጄ ለካሁት። ሻጩ የጠየቀኝን ያኔ አወቅሁት።